«የማን ልጅ ነህ?» የ«ልብ ወለድ ታሪክ» ተራኪ ጠባይና የማንነት ፍለጋው

(በባሕር ዳር ከተማ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ከዚህ ከተሰበሰብንበት ከጣና ዳር ሆኖ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሚመለከት ሰው፣ ውኃውን ገፍቶ የገባ በደን የተሸፈነ ምድር ይታየዋል፤ ይኸውም ዘጌ ነው። ሞፈርና ቀንበር እንዳይገባበት ከጥንት በተደነገገው በዚያ ምድር፣ በቡናው ዛፍ ጥላ ሥር፣ እነኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ተተክለው ይኖራሉ። የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከዚያ ደን ነው፤ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በ1900 ዓ.ም. ከትውልድ መንደሩ እጅግ ርቆ በሮም ከተማ ያሳተማትን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ መነሻ አድርጌ ጥቂት አሳብ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። መጽሐፏ «ልብ ወለድ ታሪክ» ትባላለች፤ በኋላ ዘመን ግን ሕዝቡ የሚያውቃት በዋናይቱ ገጸ ባሕርይ ስም «ጦቢያ» ተብላ ነው።

ስለዚህች መጽሐፍ ብዙ ተብሏል፤ የአማርኛ ልብ ወለድ በኵር መሆኗን፣ «ልብ ወለድ» የሚለውንም ስም ለመላው የድርሰት ዘርፍ ማውረሷን ከመካከላችን የማያውቅ የለም። መቶ ገጽ እንኳ የማትሞላ በመሆኗ አጭር ልብ ወለድ እንበላት ወይስ ረጅም የሚለውም ክርክር ያረጀ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከነዚህ የተለየ ነው፤ ጥያቄውም የእኔ ሳይሆን የአንዲት ተማሪዬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ድርሰት በክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ ከኋላ መቀመጫ አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ ደራሲውንስ ዐወቅነው፤ ይህን ታሪክ የሚነግረን ሰው ግን የማን ልጅ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም እንደ ልማዴ ወደ ሰሌዳው ዞሬ «ሁሉን ዐወቅ ተራኪ» ብዬ ጻፍሁና ሦስተኛ መደብ ምን እንደ ሆነ አስረዳሁ። ልጅቱ ግን አልረካችም። «ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ የገዛ አገሩን ስም እንዴት ሳይነግረን ቀረ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። የምነግራችሁ ሁሉ ለዚያች ልጅ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

በቅድሚያ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። በክርስቲያኖችና በአረማውያን መካከል ጦርነት ይነሣል፤ የክርስቲያኖቹ ጦር ድል ይሆናል፤ የጦሩም አለቃ ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ በገንዘቡ ነጻ ያወጣዋል። አለቃው ሁለት መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋሕድ፣ ሴቲቱ ጦቢያ ይባላሉ። ዋሕድ የአባቱን ባለውለታ ፈልጎ ብድሩን ለመመለስ ከቤቱ ይወጣል፤ በመንገድም ተይዞ በባርነት ይሸጣል። አባትና ልጅ ዋሕድን ፍለጋ ሲነሡ ጦቢያ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። በመጨረሻም በአረማዊው ንጉሥ እጅ ይወድቃሉ። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልዕልት ጦቢያን ወንድ መስላት ትወድዳታለች፤ ሴትነቷ ሲገለጥ ንጉሡ ራሱ በፍቅሯ ይያዛል፤ ለፍቅሯም ሲል ክርስትናን ይቀበላል። ታሪኩ በሁለት ጋብቻ ይፈጸማል፤ ንጉሡ ጦቢያን፣ ዋሕድም ልዕልቲቱን ያገባሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚነግረን ማን ነው? በአገራችን ጽሑፍ ከእርሱ በፊት የነበሩት ነጋሪዎች ሁሉ መታወቂያ ነበራቸው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የንጉሡን ስም፣ ዘመኑን፣ ሠራዊቱ የሰፈረበትን ቦታ ይነግረናል፤ ሥልጣኑ ከቤተ መንግሥት ነው። ገድል ጸሐፊው የጻድቁን አባትና እናት፣ የተወለደበትንም አገር ሳይጠራ አይጀምርም፤ ሥልጣኑ ከቤተ ክርስቲያን ነው። ማታ በምድጃ ዳር ተረት የምትነግር አያት እንኳ ሰሚዎቿ የልጅ ልጆቿ ስለ ሆኑ የማን እንደ ሆነች መናገር አያስፈልጋትም። የ«ልብ ወለድ ታሪክ» ተራኪ ግን ከሦስቱም ጥቂት ጥቂት ወስዶ ከሦስቱም የተለየ ነው። የጦርነቱን ዘመን አይነግረንም፤ የክርስቲያኖቹን ንጉሥ በታሪክ ከምናውቃቸው ነገሥታት አንዱ ነው አይለንም፤ አገሩም በካርታ ላይ የሚገኝ አይደለም። ምስክር የሚሆነው ንጉሥ ወይም ጻድቅ የለውምና ምስክር አድርጎ ያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም በመጽሐፉ ስም ላይ የተጻፈው «ልብ» ነው። ነገሩን ያገኘሁት ከልቤ ነው ማለቱ ነው። ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አልነበረም።

የተራኪውን ጠባይ ስንመረምር ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ የሚያየው በሠዓሊ ዐይን ነው። ደራሲው በወጣትነቱ ወደ ጣሊያን ተልኮ በቶሪኖ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል የተማረ ሰው ስለ ነበር ይህ አያስደንቅም። የሰው ፊት፣ የሰማይ መልክ፣ የዱር አበባ፣ ሁሉም በምሳሌ ላይ ምሳሌ እየተደረበ ይቀርባል። ሁለተኛ፣ ተራኪው አልቃሽ ነው። ድል አድራጊውን ከማወደስ ይልቅ በተሸናፊው ቤት ገብቶ ከእናትና ከልጆች ጋር ያለቅሳል፤ ታሪኩን በሽንፈት መጀመሩ ራሱ የጀግና ታሪክ ለለመደ ጆሮ እንግዳ ነው። ሦስተኛ፣ ተራኪው ሰባኪ ነው። ለደግ ደግ እንደሚመለስ፣ እምነት እንደሚያሸንፍ ሳይጠራጠር ይናገራል።

እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደ ተገናኙ ለመረዳት ወደ ዘጌ መሻገር ይበቃል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባችሁ ሁሉ የመቅደሱን ግድግዳ ዐይታችኋል። ከላይ እስከ ታች የተሣለው ታሪክ ነው፤ ሥዕሉ የሚሣለው እንዲያምር ብቻ አይደለም፤ እንዲያስለቅስና እንዲሰብክ ጭምር ነው። በጥንታዊው የሥዕል ሥርዓታችን ደጋጎቹ ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎቹ ግን ባንድ ዐይን ብቻ በጎን ይሣላሉ። ተራኪያችንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ክርስቲያኖቹን ፊት ለፊት፣ አረማውያኑን በጎን ይሥላቸዋል። ይሁን እንጂ በታሪኩ መጨረሻ ገደማ የድሮው ሠዓሊ የማያደርገውን ያደርጋል፤ በጎን የሣለውን ንጉሥ ቀስ በቀስ ወደኛ ያዞረዋል። ይህ ሰው ይወድዳል፤ በፍቅር ይጨነቃል፤ እንደ ማንኛችንም ልብ አለው። እንግዲህ አውሮፓ ለዚህ ተራኪ አዲስ የአተራረክ ስልት ሰጠችው ብንል ሐሰት አይሆንም፤ ግድግዳው ግን የዘጌ ግድግዳ ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ። «ጦቢያ» የሴት ልጅ ስም ብቻ አይደለም፤ ሕዝባችን ኢትዮጵያን በአፍ ልማድ የሚጠራበት ስም ነው። እንግዲያስ ተራኪው የአገሩን ስም ሳይነግረን ቀረ ያለችው ተማሪዬ በግማሽ ተሳስታለች፤ ስሙን ከመጀመሪያ ጀምሮ እየነገረን ነበር፤ ነገር ግን በካርታ ላይ ሳይሆን በአንዲት ልጅ ላይ አደረገው። ያችም ልጅ መንገድ የምትሄደው መልኳን ደብቃ፣ የሌላ ልብስ ለብሳ ነው። የወንድሟንም ስም ተመልከቱ። «ዋሕድ» በግእዝ አንድ፣ ብቸኛ ማለት ነው፤ ይህ ስም የተሰጠው ግን ለመንታ ነው። መንታ ሆኖ የተወለደ አንድ የሚባል ልጅ ይጠፋል፤ አገር የሚል ስም ያላት እኅቱም ልብስ ለውጣ ትፈልገዋለች። ደራሲው ይህን አስቦ አደረገው ወይስ ስሞቹ ደስ ስላሉት ብቻ መረጣቸው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ ጽሑፉ ራሱ ይህን ንባብ ይሸከማል፤ ለአንባቢም ይህ ይበቃዋል።

በኔ ንባብ፣ የተራኪው የማንነት ፍለጋ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ተራኪው «እኔ» አይልም፤ አገሬም አይልም። እንደ ጦቢያ እርሱም ልብስ ለውጧል። ጦቢያ በለበሰችው ልብስ ሥር ሴትነቷ እንዳልጠፋ ሁሉ፣ እርሱም በሮም ማተሚያ ቤት በታተመ፣ በአውሮፓ ስልት በተደራጀ ታሪክ ሥር የኛ ሰው መሆኑ አልጠፋም። ያሳወቀው አንደበቱ ነው። ቋንቋው የተማረ ሰው ባዕድ ጽሑፍ እያየ የገለበጠው አይመስልም፤ ምሳሌው፣ ምርቃቱ፣ ሙሾው ሁሉ ከጣና ዳር የተቀዳ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረታችን የተተረተው ከዚህ ከኛው ሐይቅ ስለሚወጣው ወንዝ ነው። አፈወርቅም በናፖሊ የምሥራቅ ጥናት ተቋም አማርኛ እያስተማረ በሰው አገር ሲኖር የያዘው ግንድ ይህ ቋንቋ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣

እዚህ ላይ ብናቆም ንግግሬ የምስጋና ንግግር በሆነ ነበር። ነገር ግን ማንኛውም የሥነ ጽሑፍ መምህር በክፍል ውስጥ የሚገጥመው ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ሰው ከጠላት ጋር የተባበረ አይደለምን? ስለምን እናነበዋለን?» የሚል ነው። መሸሽ አይገባንም። አፈወርቅ በአድዋ ጦርነት ጊዜ ከጣሊያን ወገን መቆሙ፣ ከዚያም በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ፣ በሮምም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆኖ ከሠራ በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት አገራችንን ሲወር ለወራሪው ማደሩ፣ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕርግም መቀበሉ በታሪክ የተመዘገበ ነው። ከነጻነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዞ፣ ዐይኑ ታውሮ፣ በ1940 ዓ.ም. እዚያው ዐረፈ። ሠዓሊ የነበረ ሰው በዕውርነት መሞቱ የሚያሳዝን ነው፤ ሐዘናችን ግን ሥራውን እንዳንመዝን ሊያደርገን አይገባም።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ «ደራሲና ተራኪ ይለያያሉ» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ዳሩ ግን እንዲሁ ሲነገር ማምለጫ ይመስላል። በማስረጃ እንየው። አፈወርቅ «ልብ ወለድ ታሪክን» ባሳተመበት ጊዜ ገደማ ሁለት ሌሎች ጽሑፎችም አውጥቷል። አንደኛው በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የመንገደኞች የንግግር መምሪያ ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚናገረው ድምፅ የአገሩን አስተዳደርና ባላገሩን የሚዘርፈውን ወታደር በመረረ ቃል ይነቅፋል። ሁለተኛው በ1901 ዓ.ም. የወጣው «ዳግማዊ ምኒልክ» ነው፤ በዚያ ደግሞ የሚናገረው አወዳሽ ነው፤ እንዲያውም ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የመጽሐፉን አድልዎ በብርቱ ነቅፏል። እንግዲህ ባንድ ወቅት፣ ካንድ ብዕር፣ ሦስት ነጋሪዎች ወጡ፤ አንዱ ነቃፊ፣ አንዱ አወዳሽ፣ አንዱ ሕልመኛ። ነቃፊውና አወዳሹ ሁለቱም የሚናገሩት ወደ ጌቶች እየተመለከቱ ነው፤ አንዱ ጌታን ለመውቀስ፣ አንዱ ጌታን ለማስደሰት። ሕልመኛው ብቻ ጌታ የለውም። ስለዚህ ከሦስቱ የተሻለው ሰው እርሱ ነው እላለሁ፤ ከፈጠረው ከደራሲው እንኳ ይሻላል።

ይህ ደራሲውን አያጥበውም። እንዲያውም ያስከስሰዋል። ተራኪው ለወገኑ የተዋረደን ሰው ነጻ ማውጣትን፣ ውለታ መመለስን፣ የጠፋን ወንድም መፈለግን አስተማረ፤ የጻፈው እጅ ግን ወገኑ በተዋረደበት ቀን ከአዋራጁ ጋር ተጨባበጠ። ስለዚህም ለተማሪዎቻችን ልናስተምረው የሚገባን አንድ ከባድ እውነት አለ፤ ቋንቋን አሳምሮ ማወቅ ብቻውን አገርን ጠብቆ መቆምን አያረጋግጥም። ግንዱን ይዞ መዞር ይቻላል፤ ማደሪያ ግን አይሆንም።

ተራኪውም ራሱ ጉድለት የሌለበት አይደለም። አረማዊውን ንጉሥ ወደኛ አዞረው ብያለሁ፤ ሁለት ዐይን የተሰጠው ግን እኛን በመሰለ ጊዜ ነው። የዚያ ሕዝብ የራሱ ዜማ፣ የራሱ ልማድ፣ ለልጆቹ የሚነግረው ተረት ምን እንደ ነበር ተራኪው አይጠይቅም። የዕርቁ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ልብሱን አውልቆ የኛን መልበስ አለበት። ጦቢያ የሌላ ልብስ ስትለብስ ማንነቷ ከሥሩ እንደሚቆይ ያወቀው ተራኪ፣ ለሌላው ወገን ይህን አላሰበለትም።

ይህን ትችት ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገኝም፤ እዚሁ ከተማ ዳር ቆሞ ይጠብቀናል። በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ልጆች ከደንገል ታንኳ ሠርተው ሐይቁን ከጥንት ጀምሮ ሲቀዝፉበት የኖሩ ናቸው። የጉማሬ ሥጋ በላችሁ ተብለው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ቋንቋችንን ተናገሩ፤ ይሁንና ያ ብቻ ከመገለል አላዳናቸውም። በዚህ ሐይቅ ዳር የተወለደ ደራሲ ስለ ባዕዳን አረማውያን አገር ሲያልም፣ በገዛ ሐይቁ ላይ ታንኳ የሚቀዝፈውን ጎረቤት በታሪኩ ውስጥ አላስገባውም። ስለ አፈወርቅ ብቻ አልናገርም፤ ከእርሱ በኋላ የመጣን ጸሐፍትና መምህራንስ ስንቶቻችን አስገባነው?

«የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን የጥንት ጥያቄ ነው። እንግዳ ከደጅ ሲመጣ የሚጠየቀው ዘመድነት ለመፈለግ፣ እግሩን አጥቦ ለማሳደር ነበር። በኛ ዘመን ግን ይኸው ጥያቄ ሰውን ለመለየት፣ አንዱን አሳልፎ ሌላውን ለማስቀረት ሲጠየቅ አይተናል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጠያቂው ልብ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ይህን ጥያቄ በድርሰት ውስጥ መጠየቅንና መመለስን ቢማሩ፣ ነገ ከድርሰት ውጭ ሲጠየቁም ሲጠይቁም ልብ እንዲኖራቸው ይረዳቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ አሳብ አቅርቤ ልጨርስ። ይህን ድርሰት ስናስተምር «ተራኪው ሁሉን ዐወቅ ነው» ብለን በሰሌዳ ላይ ጽፈን አንለፍ። ተማሪዎቹን፣ ይህ ነጋሪ ምን ያያል፣ ምን አያይም፣ ለማን ያለቅሳል፣ ለማን አያለቅስም ብለን እንጠይቃቸው። ከተቻለም ወደ ዘጌ እናሻግራቸውና ግድግዳው ፊት እናቁማቸው፤ በጎን የተሣሉትንም ሰዎች እንዲቆጥሩ እናድርጋቸው። ከዚያም የንጉሡን ወይም የልዕልቲቱን አንደበት ወስደው ያንኑ ታሪክ ከሌላው ወገን እንዲጽፉት እንዘዛቸው። እኔ ይህን ሞክሬዋለሁ፤ ከጻፉልኝ መካከል የተሻለው፣ ልዕልቲቱ የራሷን ሕዝብ ዘፈን እየዘፈነች ስትዳር የሚያሳየው ነበር።

ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪዬ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የለችም። ብትኖር እንዲህ እላት ነበር፤ ልጄ፣ ይህን ታሪክ የሚነግርሽ ሰው የዚህ ሐይቅ ልጅ ነው፤ በአንደበቱ ይታወቃል። አገሩን በስሟ ያልጠራት ስላላወቃት አይደለም፤ ርቆ ሄዶ በልጅ መልክ ይፈልጋት ስለ ነበር ነው። ፈልጎም በግማሽ አገኛት። ቀሪውን ግማሽ፣ ማለት ሌላውን ሰው ከነልብሱ ወንድም ማለትን፣ ሳያገኘው ቀረ። እሱን ፈልገሽ የምትጽፊው አንቺ ነሽ።